ውሃ የጠጣው ቦይለር፦ እንፋሎት፣ ናፍጣና ፀሐይ በጅግጅጋና በሰሜን ሶማሌ ከተሞች

የእንፋሎት ሞተር የተወለደው ውሃ ለመሳብ ነው። ባቡር መጎተቱ፣ ፈትል ማሽከርከሩ፣ መርከብ መንዳቱ ኋላ የመጣ ሙያው ነው። ከ1698 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሰማንያ ዓመት ያህል በእሳት የሚሠራ ማሽን ሲባል ከሞላ ጎደል ከጉድጓድ ውሃ የሚያወጣ ማሽን ማለት ነበር።

ወደ እኛ ምሥራቅ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በደወሌ፣ በአይሻ፣ በአዲጋላና በሽንሌ አድርጎ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ሲገባ፣ ያ በእንግሊዝ ማዕድን ማውጫዎች ውሃ ሲያወጣ የኖረ ቦይለር እዚህ ውሃ ጠያቂ ሆኖ ቀረበ። ጅግጅጋ ደግሞ ከሐዲዱ ርቃ፣ ከጃረር ሸለቆ ጉድጓዶቿ በሰው ክንድ ስትቀዳ ቆይታ በቀጥታ ወደ ናፍጣ ተሻገረች። ዓለም ለሁለት መቶ ዓመት ውሃ የሳበበት ማሽን ውሃ ብርቅ በሆነበት በዚህ አገር ለምን ቦታ አላገኘም? መልሱ ታሪክ ብቻ መስሎ ለሚታየው አንባቢ፣ ዛሬ በክልሉ ጉድጓዶች ራስ ላይ ስለተተከሉት የፀሐይ ፓነሎችም የሚናገረው አለው።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። እንግሊዛዊው ቶማስ ሴቨሪ በ1698 የባለቤትነት መብት ያወጣበት መሣሪያ ፒስተን እንኳ አልነበረውም። እንፋሎት ዕቃ ውስጥ ይሞላል፤ ከላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ይመለሳል፤ ባዶ የቀረው ቦታ ውሃውን ከታች ይስባል። ከዚያ እንደገና እንፋሎት ተለቆ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ለጥልቅ ጉድጓድ ግን አልበቃም። በ1712 ቶማስ ኒውኮመን የሚባል የብረታ ብረት ነጋዴ በደድሊ ግንብ አጠገብ ባለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ላይ ሌላ ዓይነት ማሽን ተከለ፤ እውነተኛው ጅምር ይህ ነው። ቦይለሩ ከቢራ ጠማቂዎች የመዳብ ጋን ብዙም የማይለይ፣ ክዳኑ ከእርሳስ የተሠራ ነበር። እንፋሎቱ ሲሊንደሩን ይሞላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭበታል፤ በውስጡ ባዶነት ሲፈጠር የውጭው አየር ፒስተኑን ወደ ታች ይደፍቀዋል፤ በትልቁ የእንጨት ምሰሶ ሌላ ጫፍ የተንጠለጠለው የፓምፕ ዘንግም ውሃውን ይዞ ይነሳል። በደቂቃ 12 ጊዜ ያህል፣ በእያንዳንዱ ምት 45 ሊትር ገደማ ውሃ ያነሳ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሥራውን የሚሠራው እንፋሎቱ ሳይሆን ከላይ የሚጫነው አየር ነበር። ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ17 በመቶ ያህል ያንሳል። የኒውኮመን ማሽን ያኔውኑ ተጭኖ ጅግጅጋ ቢደርስ ኖሮ ገና ከመነሻው ጉልበቱ በዚያው ልክ የጎደለ ይሆን ነበር። ከላይ ሆኖ በመምጠጥ የሚሠራ ማንኛውም ፓምፕም እንዲሁ ነው፤ በባሕር ዳርቻ በሒሳብ 10 ሜትር የሚስበው ጅግጅጋ ላይ ከ8 ሜትር ተኩል አያልፍም፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ፓምፕ ገዝቶ ሜዳ ላይ የሚሠራውን ያህል ደጋ ላይ አልሠራ ሲለው ሻጩን የሚረግም ሰው አንዳንዴ መርገም ያለበት ከፍታውን ነው።

የቀረው ጥያቄ የማገዶ ነው፤ ዋናውም እሱ ነው። 50 ጄሪካን ውሃ፣ ማለትም አንድ ሜትር ኩብ፣ ከ100 ሜትር ጥልቀት ለማውጣት ምን ያህል ጉልበት ይጠይቃል? አንድ ብርቱ ሰው ምንም ጉልበት ሳይባክንበት፣ ሳያርፍ ቢጎትት ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይወስድበታል። የኒውኮመን ዘመን ማሽን ለዚሁ ሥራ 5 ኪሎ ያህል ጥሩ የድንጋይ ከሰል ይበላ ነበር። በማገዶ እንጨት ቢሆን ከሰሉን በሁለት ማባዛት ነው። በጄምስ ዋት ማሽን ከሰሉ ወደ 1 ኪሎና ጥቂት ወረደ። በ1830ዎቹ የኮርንዎል ማሽኖች ደግሞ ከግማሽ ኪሎ በታች ሆነ። ዛሬ በደህና የተያዘ የናፍጣ ጀነሬተርና የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያንኑ ሥራ በሩብ ሊትር ገደማ ናፍጣ ይጨርሳሉ፤ አንድ ኪሎ ዋት ያህል የፀሐይ ፓነል በጠራ ቀትር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። የውሃ ማውጣት ታሪክ በአጭሩ ይህ የቁጥር መውረድ ነው።

ቁጥሩ እንዴት ወረደ የሚለው ለእኛ ከሁሉም በላይ ጠቃሚው ክፍል ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። የኒውኮመን ማሽን በላተኛ ሆኖ ሳለ ስድሳ ዓመት የኖረው የተተከለው በከሰል ማውጫ አፍ ላይ ስለነበር ነው። ሊሸጥ የማይችል ብናኝ ከሰል እዚያው ስለነበር የማገዶው ዋጋ ማንንም አላሳሰበም። የደቡብ ምዕራብ እንግሊዟ ኮርንዎል ግን ቆርቆሮና መዳብ እንጂ ከሰል የላትም፤ ከዌልስ በመርከብ ነበር የምታስመጣው። ለዚህ ነው በ1769 የባለቤትነት መብት ያገኘው የዋት ማሽን፣ እንፋሎቱን ከሲሊንደሩ ውጭ በሌላ ዕቃ የሚያቀዘቅዘው፣ እዚያ ገበያ ያገኘው። ዋትና ሸሪኩ ማቲው ቦልተን ያስከፈሉበት መንገድም ብልህ ነበር፦ ከድሮው ማሽን ጋር ሲነጻጸር ከተቆጠበው የማገዶ ዋጋ ሲሶውን። የሸጡት ብረት ሳይሆን ያልተቃጠለ ከሰል ነበር ማለት ይቻላል።

የዋት መብት በ1800 ሲያበቃ የቦልተንና የዋት ሰዎች ከኮርንዎል ወጡ፤ ማሽኖቹም ተቆጣጣሪ አጥተው ሥራቸው ወረደ። የማውጫ ባለቤቶቹ ያገኙት መድኃኒት አዲስ ማሽን አልነበረም። ከ1811 ጀምሮ ጆኤል ሊን የሚባል የማውጫ አለቃ በየወሩ የእያንዳንዱን ማሽን ውጤት እየለካ እንዲያትም አደረጉ፦ ይህ ማሽን በዚህ ያህል ከሰል ይህን ያህል ውሃ አወጣ ተብሎ ከነማሽኑና ከነመሐንዲሱ ስም ይወጣል። በሃያና ሠላሳ ዓመት ውስጥ የኮርንዎል ማሽኖች በዓለም ወደር የሌላቸው ሆኑ። ማፈርና መኩራት ሁለቱም የሚሠሩት ቁጥሩ አደባባይ ሲወጣ ነው። በእኔ አመለካከት ከእንፋሎት ፓምፕ ታሪክ ሁሉ ተለቅሞ ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ መምጣት የነበረበት ነገር ይህ ነው፤ ብረቱ ቢቀር ግድ የለም።

ስለ ቦይለሩ ስለራሱ ጥቂት ልበል። የመጀመሪያዎቹ ቦይለሮች የድርቆሽ ክምር የሚመስሉ፣ ኋላም የጋሪ ሽፋን ቅርጽ የያዙ፣ ግፊታቸው ከአየር ግፊት እምብዛም የማይበልጥ ነበሩ። ሪቻርድ ትሬቪቲክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ከፍተኛ ግፊት ደፈረ፤ በ1812 ገደማም እሳቱን በሲሊንደር ቅርጽ ባለው ቦይለር ሆድ ውስጥ የሚያልፍ ቧንቧ ውስጥ አስገባ። በ1844 ዊልያም ፌርቤርን ሁለት የእሳት ቧንቧ ያለውን ላንካሻየር የተባለውን ዓይነት አስመዘገበ። ግፊቱ ሲጨምር ማገዶው ቀነሰ፤ አደጋው ግን ጨመረ። በ1803 ከትሬቪቲክ ቦይለሮች አንዱ ግሪኒች ላይ ፈንድቶ ሰዎች ሞቱበት። እሱም ከዚያ በኋላ ትርፍ የደኅንነት ቫልቭና ውሃ ሲጎድል ቀልጦ እሳቱን የሚያጠፋ የእርሳስ መድፈኛ ጨመረ። በ1854 የማንቸስተር ባለ ፋብሪካዎች ቦይለር የሚመረምር ማኅበር አቋቋሙ።

ቦይለር ለምን ይፈነዳል ቢባል ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ውሃው ነው፦ ወይ ጎድሎ፣ ወይ ቆሽሾ። በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የመጣ ውሃ ሲፈላ ደለሉን በብረቱ ላይ ይጋግራል፤ ቅርፊቱ እየወፈረ ሲሄድ ሙቀት ወደ ውሃው አይደርስም፤ ብረቱ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ይበጠሳል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ቦይለርም የሚሞተው በዕለት ሳይሆን በየቀኑ በምትጨመር ስስ ልባስ ነው። የድሬዳዋ ነዋሪ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻውም፤ የቤቱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። የከተማዋ ውሃ ምንጭ የሆነው የሰቢያን የጉድጓድ መስክ ውሃ ከባድ ውሃ ነው፤ ከኖራ ድንጋይና ከአሸዋ ድንጋይ ንጣፎች ነው የሚወጣው። ከጅግጅጋ አልፎ ወደ ኦጋዴን ዝቅ ሲባል ደግሞ ጂፕሰም ያለበት አለት ይመጣና ውሃው ጨዋማ ይሆናል። ስለዚህ ቦይለር በዚህ አገር ሁለት ጊዜ ይቸገራል፦ ውሃ ለማግኘት አንዴ፣ የተገኘውም እንዳይገድለው አንዴ።

አሁን ወደ ሐዲዱ እንምጣ። አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ በ1894 ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ ከፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኑ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቆመ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ይህ ኢልግ ለአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት የቧንቧ ውሃ ያስገባም ሰው ነው። ቤተ መንግሥቱ ያለው ከእንጦጦ ግርጌ ስለሆነ ውሃው ከተራራው በራሱ ክብደት ወረደ፤ እሳትም ፓምፕም አላስፈለገም። ግብፆችም በ1870ዎቹ በርበራን ሲይዙ ለወደቡ ውሃ ያመጡት ከዱባር ምንጭ ቁልቁል በመስመር አፍስሰው ነው። አስተዋይ መሐንዲስ ተዳፋት ሲያገኝ ቦይለር አይጥድም። ችግሩ ጅግጅጋን በመሰለ ሜዳ ላይ፣ ውሃው ከእግር በታች ሲሆን ነው።

ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባሕር ወለል ተነስቶ ወደ 1,200 ሜትር ይወጣል። አገሩ የኢሳ አርብቶ አደሮች አገር ነው፤ ባቡሩም ሳይጠየቁ በግጦሻቸውና በውሃቸው መካከል ስለመጣ በሥራው ዘመን ብዙ ግጭት ተነስቷል። ከዚህ ሁሉ ጋር የውሃ ችግር አለ። በማዕድን ማውጫ የቆመ ማሽን እንፋሎቱን አቀዝቅዞ መልሶ ውሃ ያደርገዋል፤ ከሚያወጣው ጋር ሲነጻጸርም የሚጠጣው ኢምንት ነው። ሎኮሞቲቭ ግን እንደዚያ አይደለም። እንፋሎቱን ሥራ ካሠራው በኋላ በጭስ ማውጫው ወደ ሰማይ ይተፋዋል፤ የጠጣውን ሁሉ ያጣዋል። አንድ ኪሎ ከሰል ሲያቃጥል ስድስት ሰባት ሊትር ውሃ ይተናል። ከጎኑ የያዘው ጋን የሚያዘልቀው ጥቂት አስር ኪሎ ሜትሮችን ብቻ ስለሆነ፣ የእንፋሎት ባቡር ባለበት ዓለም ሁሉ ጣቢያዎች የሚተከሉት ሰው ባለበት ብቻ ሳይሆን ውሃ በሚገኝበት ነው። በዛሬው የሲቲ ዞን እየተደረደሩ የሚገኙትን የድሮ ጣቢያዎች በካርታ ላይ የሚያይ ሰው የሚያየው የአንድን ጥም ዱካ ነው። ከሰሉም ቢሆን የእኛ አልነበረም፤ ባሕር ተሻግሮ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይራገፍ ነበር።

ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ተራራው እምቢ አለና ከግርጌው አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ድሬዳዋ። ኩባንያው ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሰረ፤ በ1908 አዲስ ኩባንያ ተተካ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ለድሬዳዋ ትልቁ ትሩፋት የጥገና ጋራዡ ይመስለኛል። ቦይለር በየጊዜው ባዶ ተደርጎ ካልታጠበ፣ ቧንቧዎቹ ካልተለወጡ፣ ቫልቮቹ ካልተፈተሹ አይሠራም፤ ስለዚህ ኩባንያው የቶርኖ ባለሙያ፣ ቀጥቃጭና ቧንቧ ሠሪ ማሰልጠን ግድ ሆነበት። እንፋሎቱ በ1950ዎቹ ለናፍጣ ሎኮሞቲቭ ቦታውን እየለቀቀ ሲሄድ እጁ የተፍታታ ባለሙያ ከተማው ውስጥ ቀርቷል። ድሬዳዋ የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካ ከተማ መሆኗ ከዚህ ተነጥሎ አይታይም። ጅግጅጋ ይህ ዕድል አልገጠማትም፤ ይህን ልዩነት ደግሞ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ጅግጅጋ ከከተማነቷ በፊት የውሃ ስፍራ ነበረች። በ1842 የዘይላና የሐረር ነጋዴዎች የሚያድሩበት ሰፈር ሆና ስሟ ይነሳል። በ1893 በዚያ ያለፈ ተጓዥ ያየው በጃረር ሸለቆ ውስጥ የጉድጓዶች ስብስብና ከጎኑ 25 ወታደሮች ያሉበት በአጥር የተከበበ ምሽግ ነው። ምሽጉ የተተከለው ለውሃው እንደሆነ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያሻም። ዛሬ የምናውቃት፣ መንገዷ በቀጥታ የተሰመረው ከተማ በ1916 ገደማ በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተቆረቆረች። ፊታውራሪ ሩሲያ ተምረው የመጡ፣ ኋላ የ1931ዱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የጻፉ ሰው ናቸው። ማሽን የሚፈራ ሰው አልነበሩም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ገዥ ባለበት፣ ቦይለር ድሬዳዋ ድረስ በደረሰበት ዘመን፣ የእንፋሎት ፓምፕ ለምን ጅግጅጋ አልተተከለም? የማገዶ እጥረት ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ ሒሳቡ ግን እንደዚያ አይልም። በጥሩ ማሽን 100 ሜትር ኩብ ውሃ በቀን ከ100 ሜትር ለማውጣት 80 ኪሎ ያህል እንጨት ይበቃል። ለአንዲት ትንሽ ከተማ ይህ የማይቻል አይደለም፤ የዳቦ ምድጃና የቡና ጀበና ከዚያ በላይ ይፈጃሉ። እኔ የማየው ሦስት ሌላ ምክንያት ነው።

አንደኛው ክብደት ነው። ግመል 150 ወይም 200 ኪሎ ይሸከማል። እህል፣ ጨው፣ ቡና ተከፋፍሎ ይጫናል፤ ቦይለር ግን አይከፋፈልም። ትልቁ የላንካሻየር ዓይነት ከ20 ቶን ሊያልፍ ይችላል፤ ትንሹ እንኳ ከአንድ ግመል በላይ ነው። ሰርኪስ ተርዚያን የሚባለው አርመናዊ ነጋዴ ለምኒልክ ያስመጣው የእንፋሎት መንገድ መዳመጫ፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው፣ አዲስ አበባ ላይ ለብዙ ዘመን ሲወራለት የኖረው ለዚህ ነው፤ እንዲህ ያለ ከባድ ብረት ያለ ሐዲድ መንቀሳቀሱ ራሱ ተአምር ነበር። ከድሬዳዋ ጅግጅጋ ደግሞ ተራራ ተወጥቶ በሐረር በኩል ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ሁለተኛው ጥልቀት ነው። የጃረር ሸለቆ የድሮ ጉድጓዶች በእጅ የተቆፈሩ ናቸው፤ ውሃውም በእጅ የሚደረስበት ነበር። አሥር ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ሜትር ኩብ ውሃ ለማውጣት አንድ ብርቱ ሰው ከግማሽ ሰዓት በታች ይበቃዋል። በሕዝቡ ዘንድ ተራ ጠብቆ፣ ተቀባብሎ፣ እያዜሙ የመቅዳት ሥርዓት አለ፤ ሥርዓቱ የግመሉንም የላሙንም ተራ የሚያውቅ ነው። አንድ የተጠማ ግመል ከ100 ሊትር በላይ በአንድ ጊዜ ሊጠጣ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያጠጣ ክንድ ባለበት ቦይለር የሚያድነው ድካም ከሚያመጣው ችግር አይበልጥም። ክንድ የማይደርስበት ጥልቅ ውሃ ደግሞ መቆፈሪያ ማሽን ካልመጣ በቀር ማን ያየዋል? ፓምፑ የዘገየው ጉድጓዱ ስለዘገየ ነው።

ሦስተኛው ሰው ነው። ቦይለር ቀንና ሌሊት የሚጠብቀው፣ የውሃውን ልክ የሚያይ፣ ቅርፊቱን የሚፍቅ ሰው ይፈልጋል። ድሬዳዋ ይህን ሰው ኩባንያው አሠልጥኖላታል። ጅግጅጋ ማን ያሠልጥንላት?

በዙሪያችን ቦይለር ውሃ የሰጠበት ቦታ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በግብፅ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በአባይ ዳር የእንፋሎት ፓምፖች ጥጥ ያጠጡ ነበር። ከማዶ ያለችው ዓደን ደግሞ ከዚህ የባሰ መላ ያዘች፦ የባሕር ውሃ በቦይለር እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ለመርከበኛውና ለነዋሪው መጠጥ ይሸጡ ነበር። ወደብ ናት፤ ከሰሉ በመርከብ ከደጃፏ ይራገፋል። የሁለቱም ምሳሌ አንድ ነገር ይነግረናል፦ እንፋሎት የሚያዋጣው ማገዶው በውሃ ላይ ተንሳፍፎ በሚመጣበት ቦታ ነው።

የሰሜን ሶማሌ ከተሞች ከእጅ ወደ ሞተር የተሻገሩት በጭነት መኪና ዘመን ነው። ናፍጣ በበርሜል ይጫናል፤ ሞተሩ በአንድ መኪና ላይ ይወጣል፤ መጠጡ አነስተኛ ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1950ዎቹ፣ የከርሰ ምድር ውሃው በጣም ጥልቅ በሆነበት በሐውድ ሜዳ ሌላ መላ ተስፋፋ፤ ቢርካ። መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ ይለሰናል፤ የጉና የከረን ዝናብ ጎርፍ ይገባበታል፤ ለጂላሉ ድርቅ ይቆያል። ፓምፕም ማገዶም የለበትም። ሆኖም የግል ቢርካ በበዛበት ሁሉ ቀድሞ በደረቅ ወቅት ባዶ ይቀር የነበረው ግጦሽ ዓመቱን ሙሉ ሰውና ከብት ሰፈረበት፤ መሬቱም ተራቆተ። ውሃን ያቀረበ ሁሉ ሣርን አያድንም።

ውሃ በመኪና የማመላለስን ነገር የሐርቲሼኩ መጠለያ ያህል የሚያሳይ የለም። ከ1988 ጀምሮ ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት የሸሸው ሕዝብ ሲሰፍርበት በአንድ ወቅት ከዓለም ታላላቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ሆነ። ሜዳው ደረቅ ስለሆነ ውሃው ከጃረር ሸለቆ በቦቴ ነበር የሚሄደው፤ መጠለያው በ2004 እስኪዘጋ ድረስ። በቦቴ የሚሄድ ውሃ በጠቅላላ ስናየው ከኒውኮመን ማሽን የባሰ ማገዶ በላተኛ ነው፤ ምክንያቱም ናፍጣው የሚነደው ውሃውን ከፍ ለማድረግ ሳይሆን የመኪናውን ብረት በኮረኮንች ላይ ለመጎተት ነው። ቀብሪበያህ በተባለው ሌላ የስደተኛ መጠለያ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ያደረገው ብልህነት ቦቴውን በቧንቧ መተካቱ ነው፦ የጃረር ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓዶች ውሃ በፓምፕ ተገፍቶ ለመጠለያውም ለከተማውም ነዋሪ እንዲደርስ ተደረገ። ስደተኛውና ባለአገሩ ከአንድ ቦኖ እንዲቀዱ መደረጉን ከቧንቧው እኩል አደንቀዋለሁ።

ጅግጅጋ ግን ራሷ አድጋለች። የክልል ዋና ከተማ ከሆነች በኋላ የጃረር ሸለቆ ውሃ ለጠጪዋ አይመጥንም፤ ቧንቧው በማይደርስባቸው ሰፈሮች የአህያ ጋሪውና ጄሪካኑ ዛሬም ሥራ አልፈቱም።

ወደ አዲጋላ ልመለስ። ሶማሌዎቹ ሀደጋላ የሚሏት ይህች የድሮ የባቡር ጣቢያ፣ በረዥሙ በረሃ መካከል ሎኮሞቲቭ ያልፍባት የነበረች፣ ዛሬ ውሃ ላኪ ናት። በአካባቢዋ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ውሃ በ102 ኪሎ ሜትር መስመር ጅቡቲ እንዲደርስ ተደርጎ ፕሮጀክቱ በ2017 ተመርቋል፤ የተነደፈውም በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያደርስ ነው። ያ ሁሉ ውሃ ባቡሩ በጥም ሲያልፍባት ከሥሯ ነበር። የጎደለው መቆፈሪያው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ጠልቆ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ፓምፕና መብራቱ ነበር። የውሃ ድህነት ሁልጊዜ የውሃ ማነስ ነው የሚል ሁሉ ሀደጋላን ይጎብኝ። ውሃው ድንበር ሲሻገር በመስመሩ ዳር ያለው አርብቶ አደር ምን ያህሉን ይቀምሳል የሚለው ደግሞ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት ኢሳዎች ለባቡሩ ካቀረቡት ጥያቄ ብዙም አይለይም።

የፀሐይ ፓምፕ በክልሉ እየበዛ ነው፤ ደግም ነው። ማገዶ አይጫንለትም፤ ለናፍጣ መዋጮ አይሰበሰብለትም፤ ፀሐይ ደግሞ ሶማሌ ክልልን አታሳፍርም። «ፀሐይ በነጻ ነው» የሚለው ወሬ ግን አይጥመኝም። የእንፋሎት ታሪክ እንደሚያሳየው የማገዶው ዋጋ ሲወርድ ችግሩ አይጠፋም፤ ቦታ ይለውጣል። ኒውኮመን በነጻ ከሰል ላይ ስለተቀመጠ ማሽኑን ለማሻሻል የተቸገረ ሰው ለስድሳ ዓመት አልነበረም። በፀሐይ የሚሠራ ጉድጓድም እንዲሁ፣ ናፍጣ የማይጠይቅ ስለሆነ ብቻ ቀኑን ሙሉ ያለ ልኬት ሊሳብ ይችላል፤ የሚቀንሰውን የከርሰ ምድር ውሃ ልክ የሚያይ ከሌለ ጉዳቱ የሚታወቀው ፓምፑ አየር ሲስብ ነው። መቆጣጠሪያ ሣጥኑ ሲቃጠል ደግሞ መለዋወጫው አዲስ አበባ፣ ምናልባትም ዱባይ ነው። ቅርፊቱም አልተወንም፤ የቦይለሩን ሆድ ያበላሸው ከባድ ውሃ የጉድጓዱን ወንፊትና የፓምፑን ክንፎች ይደፍናል።

ስለዚህ ከእንፋሎት ዘመን የሚወረሰው ሦስት ነገር ነው፤ አንዱም ማሽን አይደለም። ከድሬዳዋ ጋራዥ የሙያ ሥልጠናው ይወረስ፦ ጅግጅጋ፣ ሽንሌ፣ ቶጎ ውጫሌና ደጋሃቡር ፓምፕ ፈትቶ መግጠም የሚችል፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ጥሪ ሲመጣ በማግሥቱ የሚደርስ ባለሙያ ይኑራቸው። ከዋትና ከቦልተን የክፍያው ዘዴ ይወረስ፦ ተቋራጭ ሪባን ሲቆረጥ ሙሉ ክፍያውን ተቀብሎ ከሚሄድ፣ የተወሰነው ድርሻ ጉድጓዱ ውሃ በሰጠበት ወር ሁሉ እየታሰበ ይከፈለው። ሦስተኛው ከሁሉም ርካሽ ነው። የክልሉ ውሃ ቢሮና ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ ድርጅቶች ሁሉ በየወሩ አንድ ገጽ ያትሙ፤ በሶማሊኛም በአማርኛም ይሁን። የእያንዳንዱ ጉድጓድ ስም፣ በወሩ ያወጣው ጄሪካን ብዛት፣ የፈጀው ናፍጣ ወይም ኤሌክትሪክ፣ የውሃው ጥልቀት፣ ተበላሽቶ የቆመበት ቀን ብዛት ይውጣበት። ገጹ በጅግጅጋ ገበያ ይለጠፍ፣ በሬዲዮም ይነበብ። የኮርንዎል አለቃ በ1811 በእጁ ጽፎ ያደረገውን ዛሬ በስልክ ማድረግ አያቅትም።